በክብሪት ቀፎ ውስጥ የነበረችው ባትሪ

ወሬው የደረሰኝ ባለፈው ዐቢይ ጾም፣ በመጋቢት ኪዳነ ምሕረት ዕለት፣ ተሳልሜ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ስወጣ ነው። የስልኬን ድምፅ ስመልሰው የታናሽ እህቴ የብርሃኔ ስም ሦስት ጊዜ ተደርድሮ አየሁ። ከጎባ ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ሲደወል ደግ ነገር አይመስለኝም። እናቴ አንድ ነገር ሆነች ብዬ አሰብሁ። እዚያው አጥሩ ጥግ ተቀምጬ መልሼ ደወልሁ።

«የት ጠፋሽ አንቺ! ስምሽ ወጥቷል እኮ!» አለችኝ።

«የምን ስም?»

«የመዝገብ ቤቱ ቦታ ነዋ! ለፈተና ተመርጠሻል። ማክሰኞ ነው። በኮምፒውተር ነው አሉ፣ ካለሽበት ሆነሽ።»

ዛሬ የምጽፈው ግን ስለ ፈተናው አይደለም። ከዚያች ዕለት በኋላ በነበሩት ቀናት ላፕቶፔ አልነሳ ብሎኝ፣ ግራ ገብቶኝ፣ ሰው በተሰበሰበበት አንድ ንጹሕ ሰው ሌባ ብያለሁ። ነገሩ እንዴት እንደዚያ እንደ ሆነ እስካሁን መለስ ብዬ ሳስበው ይደንቀኛል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

የጎባ ልጅ ነኝ። አዲስ አበባ ከመጣሁ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት እሠራለሁ፤ የምኖረው ጉለሌ፣ ከሽሮ ሜዳ ከፍ ብሎ፣ እትዬ በላይነሽ ግቢ ተከራይቼ ነው። እናቴ ያለችው ጎባ ነው። ዓይኗ እየደከመ ሄዶ አሁን ሰው የምትለየው በድምፅ ነው። ስደውልላት «መቼ ነው የምትመጪው?» አትለኝም። «ድምፅሽ ቀጥኗል፣ አትበዪም እንዴ?» ነው የምትለኝ። እኔ ግን የምትጠይቀኝ መምጫዬን እንደ ሆነ አውቃለሁ።

እዚያ በእኔ ሙያ ቦታ የሚከፈተው በስንት ዓመት አንዴ ነው። ይኼኛው የተገኘው የነበሩት ሰው ጡረታ ሲወጡ ነው። ይህ ካመለጠኝ እናቴ በሕይወት እያለች ሌላ ይመጣል ብዬ ተስፋ አላደርግም ነበር።

የፈተናውን ፕሮግራም ላመለከትነው ሁሉ አስቀድመው ልከውልን በላፕቶፔ ላይ ጭኜው ነበር። አንድ ጊዜ ከተጫነበት ኮምፒውተር ወደ ሌላ እንደማይዛወር ደጋግመው ጽፈዋል። ስለዚህ የቢሮ ኮምፒውተር፣ የሰው ኮምፒውተር የሚባል ነገር የለም። ያለኝ ያው የራሴ፣ አገልግሎ የተገዛ ላፕቶፕ ብቻ ነው።

ቤቴ እንደ ገባሁ ከፈትሁት። ጢጥ ጢጥ አለና ጥቁር ሆኖ ቀረ። ከላይ ጥቂት ነጫጭ የእንግሊዝኛ ፊደላት ወጡ። እኔ የማላውቀውን ቁልፍ የምነካ ሰው አይደለሁም። አማተብሁና ዘጋሁት።

በማግሥቱ ከሥራ አስፈቅጄ ጳውሎስ ወረድሁ። ከሆስፒታሉ ማዶ፣ በአንድ መድኃኒት ቤትና በአንድ ጭማቂ ቤት መሐል የተሸጎጠች ጠባብ የጥገና ሱቅ አለች፤ ነበረች ማለት ይሻላል። ባለቤቱ ኑሪ ይባላል። ሠላሳ አምስት ቢሆነው ነው። ግንባሩ ላይ አጉሊ መነጽር አስሮ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ከሰው ጋር እያወራ እጁ ከሥራ የማይቦዝን ሰው ነው። ያን ሰሞን የእኛም ጾም የእነሱም ጾም ገጥሞ ስለ ነበር የሱም ከንፈር ደርቆ ነበር፣ የእኔም።

የላፕቶፑን ሆድ በካቻቢቴ ፈትቶ አየው። «እህቴ፣ ችግሩ ትንሽ ነው» አለኝ። «ውስጡ የሸሚዝ ቁልፍ የምታህል ባትሪ አለች። ላፕቶፑ ጠፍቶም ቢሆን ቀንና ሰዓት የምትቆጥርለት እሷ ናት። ሞታለች። ትልቁ ባትሪም ደክሟል። ከሶኬት በነቀልሽው ቁጥር ቀኑን ይረሳል ማለት ነው።»

ይህን እየነገረኝ ስልኬ ጮኸ። እናቴ ነበረች። ወደ በሩ ወጣ ብዬ አነጋገርኋት። እሱ ከውስጥ አንድ ነገር ሲለኝ ራሴን በአዎንታ እንደ ነቀነቅሁ ትዝ ይለኛል። ምን እንዳለኝ ግን አልሰማሁም። ያን ጊዜ ዞር ብዬ «ምን አልከኝ?» ብለው ኖሮ ይኼ ሁሉ ባልመጣ ነበር።

ስመለስ ገጥሞት ነበር። ከፈተው፤ ጣቱ ቁልፎቹ ላይ ሽው ሽው አለ፤ ላፕቶፑ ተነሳ። የፈተናውን ፕሮግራም ከፍቼ አየሁት፣ ደህና ነው። ስሜ እንኳ ወጣ፤ «አስካለ» ብሎ።

«ባትሪዋን መርካቶ ልኬ አስመጣልሻለሁ» አለኝ። «እስከዚያ ስትከፍቺው ቀንና ሰዓት ይጠይቅሻል። በትክክል ሙዪለት። ከዚያ ኤፍ አሥር የሚለውን ቁልፍ ተጫኚ፣ ያልፋል። በቃ።»

«ቀን መሙላትማ ሥራዬ ነው!» ብዬ ሳቅሁ።

እውነቴን ነው። የመዝገብ ቤት ሰው ማለዳ መጀመሪያ የሚያደርገው የቀን ማኅተሙን ማዞር ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንድም ቀን በትናንት ቀን ደብዳቤ መትቼ አላውቅም። ባልደረቦቼ ቀን ሲጠፋባቸው «አስካለን ጠይቋት» ነው የሚሉት።

ቤቴ ደርሼ ሰካሁት። እንዳለው ጠየቀኝ። ቀኑን ግድግዳዬ ላይ ከተሰቀለው የሰበካችን የቀን መቁጠሪያ፣ ሰዓቱን ከእጅ ሰዓቴ አየሁ። አንድ በአንድ፣ ደቂቃዋን ሳይቀር ሞላሁ። ኤፍ አሥርን ተጫንሁ። ተነሳ። እልል ልል ምንም አልቀረኝ።

የፈተናውን ፕሮግራም ስከፍተው ብልጭ አለና ጠፋ። ደገምሁት። ብልጭ፣ ጥፍት። የስልኬን ኢንተርኔት አገናኝቼ በድረ ገጻቸው ልግባ ብል «ሰዓትሽ ወደ ኋላ ቀርቷል» የሚል ትርጉም ያለው የእንግሊዝኛ ጽሑፍ መጣ። የእጅ ሰዓቴን አየሁ። ላፕቶፑን አየሁ። እኩል ናቸው። እትዬ በላይነሽን «ስንት ሰዓት ነው?» ብዬ ጠየቅሁ፤ የነገሩኝ ከእኔ ጋር አንድ ነው። የሰው ሁሉ ሰዓት አንድ ሆኖ እያለ ይኼ ዕቃ ወደ ኋላ ቀርተሻል የሚለኝ ከማን ነው?

በሦስተኛው ቀን ተመልሼ ወረድሁ። ኑሪ ሰካው፣ ጣቱ ሽው አለ፣ ተነሳ፣ ፕሮግራሙ ተከፈተ።

«ይኸው» አለኝ። «ምን ሆነብሽ?»

«ቤት ሲሄድ አይሠራም።»

«ቀኑን ሞልተሽለት ነበር?»

«አሳምሬ ነዋ!»

«እንግዲያ የቤትሽ መብራት ይሆናል። ኃይሉ ከፍ ዝቅ ሲል እንዲህ ያደርጋል» አለኝ፤ እሱም ግራ ገብቶት ግንባሩን እያከከ። አጠገቡ ሰው ተደርድሮ ይጠብቀው ነበር።

ቤት ሄድሁ፤ ሞላሁ፤ ብልጭ፣ ጥፍት።

እንዲህ ያለ ነገር ገጥሟችሁ ያውቃል? ከሰው እጅ ሲሆን ደህና፣ ከእኔ እጅ ሲገባ እምቢ። መጀመሪያ መብራቱን ጠረጠርሁ፣ ሶኬት ቀየርሁ። ቀጥሎ ጠረጴዛውን። ኋላ ደግሞ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ራሴን ጠረጠርሁ። ምን በደል ቢኖርብኝ ነው ወደ እናቴ የምሄድበት መንገድ እንዲህ በእጄ ላይ የሚዘጋው እያልሁ ዳዊቴን ገልጬ ተቀመጥሁ። አንዱን መዝሙር ሳልጨርስ ዓይኔ ወደ ላፕቶፑ ይሄዳል።

እትዬ በላይነሽ የጸበል ጠርሙሳቸውን ይዘው መጡ።

«ምን ሊያደርጉ ነው እትዬ?»

«ረጨት ላድርግልሽ ነዋ።»

«ኧረ እትዬ! ኮምፒውተር ላይ ውሃ አይሆንም!»

«ውሃ ነው እንዴ? ጸበል እኮ ነው!»

«ጸበሉስ ጸበል ነው፤ ዕቃው ግን አያውቅም!» ብዬ ላፕቶፑን በነጠላዬ አቅፌ ቆምሁ። እሳቸው ቅር ብሏቸው ግድግዳውንና እኔን ረጩ። ከዚያ ፍራሹ ጠርዝ ላይ ተቀመጡና ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ ጠየቁኝ። ሁሉንም ነገርኋቸው።

«ሲፈታው ዓይተሽዋል?» አሉኝ።

«ስልክ ይዤ ወደ ውጭ ወጥቼ ነበር።»

«በቃ! አለቀ!» ብለው ጭናቸውን መቱ። «መንጭቆሻል። ደህናውን ባትሪሽን አውጥቶታል። እሱ ጋ ስትሄጂ የራሱን ያስገባና ያበራልሻል፤ ስትወጪ መልሶ ያወጣዋል። የእኔንም ቴሌቪዥን እንዲሁ አድርገው ነው አንዱ ለአንዱ ሲቀባበሉት የከረሙት። አንቺ ደግሞ የዋህ ነሽ፣ ሰው ሁሉ እንዳንቺ ይመስልሻል።»

አላመንኋቸውም። ግን ሌላ የማምነው ነገር አልነበረኝም። ግራ የገባው ሰው መጀመሪያ የቀረበለትን መልስ ነው የሚይዘው።

በማግሥቱ ዐርብ፣ ገብርኤል ነበር። ተሳልሜ በቀጥታ ወደ ጳውሎስ ሄድሁ። ሱቋ ሞልታለች። አንዲት እናት የራጅ ፖስታ ደረታቸው ላይ ይዘው ስልካቸው እስኪሞላ ይጠብቃሉ። ነጭ ጋዋን የለበሱ ሁለት ተማሪዎች፣ ሴትና ወንድ፣ ላፕቶፓቸውን ሊሰጡ ቆመዋል። አንድ ከዘራ የያዙ አባት በርጩማ ላይ ተቀምጠው ጨዋታ ያመጣሉ። «ልጄ፣ የእኔ ስልክ ከእኔ ይልቅ ለባለቤቴ ነው የሚሰማው፤ እስኪ ይኼንንም ጠግንልኝ» ሲሉ ሁሉም ሲስቅ ነው የደረስሁት። ኑሪም ስቆ ነበር። እኔን ሲያይ ፊቱ ላይ የነበረው ሳቅ እንዳለ ነበር።

«አሁንም እምቢ አለሽ?»

«ፍታው» አልሁት። «አሁን፣ እዚሁ፣ እያየሁ ፍታው።»

ድምፄ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ። ኑሪ አየት አደረገኝና ፈታው። አጎንብሼ አየሁ። የሸሚዝ ቁልፍ የምታህል ነገር የለችም። ቦታዋ ባዶ ክብ ጉድጓድ ነው።

«ባትሪዬ የታል?»

«ነግሬሽ ነበር እኮ እህቴ። ሞታለች አልኩሽ። አዲሷ ስትገዛ ለመለኪያ...»

«አልነገርከኝም!»

«ወላሂ ነግሬሻለሁ። በሩ ላይ ቆመሽ እሺ ብለሽኛል። ጾመኛ ነኝ፣ አልዋሽም።»

«እኔም ጾመኛ ነኝ!» አልሁት። ቀጥሎ የወጣውን ቃል አሁንም ስጽፈው እጄ ይከብደኛል። «ሌባ ነህ! የሰው ዕቃ እየመነጨቅህ ስትሸጥ፣ የድሀ እንባ ይፈርድብሃል!»

የጭማቂ ቤቷ ልጅ ብቅ ብላ አየች። ከመድኃኒት ቤቱም ሰው ወጣ። ጋዋን የለበሰችው ተማሪ ጓደኛዋን በክርኗ ነካ አደረገችው፤ እሱም ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጡትን ላፕቶፕ ቀስ ብሎ መልሶ ከቦርሳው ከተተው። ኑሪ አያቸው። እኔ ደግሞ ኑሪ ሲያያቸው አየሁት።

ከዘራ የያዙት አባት «ኧረ ቀስ በይ ልጄ፣ በነገር አትቸኩይ» አሉኝ። አልሰማኋቸውም።

ኑሪ መሳቢያውን ሳበ። አንድ የክብሪት ቀፎ አወጣና በሁለት እጁ ዘረጋልኝ። «ባትሪሽ ይቺውና። ላፕቶፑን ልግጠምልሽና ውሰጂው» አለኝ። ገጥሞ አቀበለኝ። ብቻ ስወጣ ቀስ ብሎ፣ «ሰው ፊት ባይሆን ጥሩ ነበር» ሲል ሰማሁት።

እኔ እንዲያውም አሸንፌ የወጣሁ መሰለኝ። ደብቆት ተያዘ፣ ሲያፍር መለሰ፣ ብዬ። እትዬ በላይነሽም «አላልኩሽም?» አሉኝ። የክብሪት ቀፎዋን ከፍቼ እንኳ አላየሁም፤ ጠረጴዛዬ ላይ ጣልኋት። ላፕቶፑ ግን ያው ነው። ብልጭ፣ ጥፍት። ሌባውን አግኝቼ ችግሩ ያልሄደው ለምንድን ነው? ቅዳሜን ሙሉ ሌላ ጠጋኝ ፍለጋ ስንከራተት ዋልሁ፤ አንዱ ለሳምንት ነይ አለኝ፣ አንዱ ይጣል አለኝ።

እሑድ ማርያም ነበረች። አቅሜ ሲያልቅ የምሄድበት እንጦጦ ማርያም ነው። ከቅዳሴ በኋላ ሰው ሲበተን እኔ ዛፍ ሥር ተቀመጥሁ። ከነገ ወዲያ ፈተና ነው። ለእናቴ ምን ብዬ እንደምነግራት አስብ ነበር።

በአጠገቤ አንድ አስጎብኚ ሁለት የውጭ አገር ሰዎች ይዞ ቆሞ በእንግሊዝኛ ያስረዳል። እዚያ ስለ ነገሡት ንጉሥ ዓመቱን ጠቀሰና «ይኼ እንግዲህ በእኛ አቆጣጠር ነው፤ በእናንተ ሰባት ስምንት ዓመት ይጨመርበታል። ሰዓታችንም ከእናንተ በስድስት ሰዓት ይለያል» አላቸው።

ሴትዮዋ ስቃ «ታዲያ ወደ ኋላ ቀርታችኋል ማለት ነዋ?» አለችው።

«ወደ ኋላ አልቀረንም፤ አቆጣጠራችን ነው የተለየው» አላት።

እኔ ተነስቼ ቆሜያለሁ። እንዴት እንደ ተነሳሁ አላውቅም። አስጎብኚው እንኳ ነገር የተናገረ መስሎት «ምነው እህቴ?» አለኝ።

መጋቢት ብዬ ሰባተኛ ወር ሞልቻለሁ። ከሰበካው የቀን መቁጠሪያ ላይ ዓመተ ምሕረቱን እንዳለ ገልብጫለሁ። ሰዓቱን ከእጅ ሰዓቴ። አሥራ አንድ ዓመት በማኅተም እንደምመታው፣ ልክ እንደዚያው፣ በጥንቃቄ፣ ሳልሳሳት። ያ ዕቃ ግን የሚያውቀው የፈረንጁን ነው። ለሱ የነገርሁት ፈተናው ሊሰጥ፣ ፕሮግራሙም ሊሠራ ገና ዓመታት የቀሩት ቀን ነው። ኑሪ ደግሞ «በትክክል ሙዪለት» ሲለኝ፣ በየቀኑ የሚሠራው ነገር ስለ ሆነ የፈረንጁን ብሎ መጨመር አልታየውም። እኔም በየቀኑ የምሠራው ስለ ሆነ የማንን ብዬ መጠየቅ አልታየኝም። እሱ ሲሞላው ጣቱ ፈጥኖ ምን እንደሚጽፍ ዓይቼ አላውቅም።

ቁልቁለቱን በታክሲ ልውረድ በእግሬ ልውረድ ትዝ አይለኝም። ቤቴ ገብቼ የፈረንጁን ቀን ከስልኬ ዓይቼ፣ ሰዓቱንም በነሱ ሞላሁ። ፕሮግራሙ ተከፈተ። ስሜ ወጣ። አንዴም ብልጭ አላለ።

ደስ ሊለኝ ሲገባ ዓይኔ የሄደው ወደ ክብሪት ቀፎዋ ነው። ከፈትኋት። ባትሪዋ በቁራጭ ወረቀት ተጠቅልላለች። ወረቀቱ ላይ በእስክሪብቶ፣ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ «የእህት አስካለ። ለመለኪያ። ለማክሰኞ ፈተና ስላላት ይፍጠን።»

ሌባ የሰረቀውን ዕቃ የባለቤቱን ስም ጽፎ ያስቀምጣል?

ፈተናውን የነገርሁት መቼ እንደ ሆነ እንኳ አላስታውስም ነበር። እሱ ግን ጽፎታል።

ለእትዬ በላይነሽ ስነግራቸው «እንዴ! ታዲያ እኔ ምን አልኩ? ኮምፒውተሩን ጸበል እርጪው ነው ያልኩት!» አሉኝ። አልፈረድሁባቸውም። ሌባ ያለችው የእኔ አፍ ናት።

ያን ዕለት ዒድ ነበር፣ ሱቁ ዝግ ነው። ሰኞ ሥራ ነበረኝ። ማክሰኞ ፈተናዬን በሰላም ተፈተንሁ። ረቡዕ እሄዳለሁ አልሁ። ረቡዕ ሐሙስ ሆነ። እውነቱን ለመናገር እፍረት ነው። አንድ ቀን በታክሲ ሳልፍ በመስኮት አየሁት፤ መነጽሩን ግንባሩ ላይ አስሮ አጎንብሷል፤ ሱቋ ውስጥ ከሱ በቀር ሰው የለም። ነጠላዬን ወደ ዓይኔ ሳብ አደረግሁ። ይኼንንም ጻፍሁት፣ ይጻፍ።

ከፋሲካ በፊት ለንስሐ አባቴ ነገርኋቸው። ሰሙኝና፣ «ልጄ፣ እኔ ዘንድ ብታለቅሺ ኑሪ አይሰማሽም። ስሙን የጣልሽበት ቦታ ሄደሽ አንሺው» አሉኝ።

ከዳግም ትንሣኤ በኋላ ሄድሁ። መንገድ ላይ የምለውን እየደጋገምሁ ነበር። ስደርስ ሱቋ ውስጥ ጫማ ተደርድሯል። አዲሱ ሰውዬ ኑሪ የሚባል አላውቅም አለኝ። መድኃኒት ቤት ገብቼ ሻጯን ጠየቅሁ።

«ጠጋኙን? እሱማ ለቅቆ ሄደ» አለችኝ። «የት እንደ ሆነ እንጃ። ዕቃ ሰጥተሽው ነበር እንዴ?»

«አይ... ማለቴ፣ ለሌላ ጉዳይ ነው።»

«እንኳን አልሰጠሽው። በጾሙ ጊዜ አንዲት ነጠላ ለባሽ ሴትዮ መጥታ አራት ኮምፒውተር ሰርቆኛል ብላ ጉድ አድርጋው ነበር። እኔ እንኳ ሲታይ ጨዋ ነበር የሚመስለኝ፤ የሰው ሆድ አይታወቅም።»

አራት ኮምፒውተር። ፊቴን እያየች ነው የምትነግረኝ፤ አላወቀችኝም። ነጠላ አልለበስሁም ነበር ያን ቀን። «እኔ ነኝ» ልላት ከንፈሬ ተከፈተ። ከኋላዬ ሰው ተሰልፏል። «እሺ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብዬ ወጣሁ። ሁለተኛ በደልሁት።

ኑሪ የለቀቀው በእኔ ምክንያት ይሁን፣ ወይስ የተሻለ ቦታ አግኝቶ፣ አላውቅም። አንዳንድ ቀን እንዲህ ነው እላለሁ፣ አንዳንድ ቀን እንዲያ። የማውቀው እዚያ ሰፈር ትቶት የሄደው ስም የሱ አለመሆኑን ነው። የእኔ ሥራ ነው።

ፈተናውን አልፌያለሁ። ቦታው ደርሶኛል። በሚቀጥለው ወር ወደ ጎባ እሄዳለሁ፤ እናቴ ካሁኑ «የእግርሽን ኮቴ ለይቼ ነው የምነሳው» እያለች ነው። ሻንጣዬን አስሬያለሁ። ከጉለሌ ይዤው መሄድ የማልፈልገው ይህን ብቻ ነው፤ ንስሐ አባቴ አንሺው ያሉኝ ቦታ ደግሞ ጫማ ቤት ሆኗል። የቀሩኝ እዚያ የነበሩት ሰዎች ናቸው።

ስለዚህ በዚያ ዐርብ ጳውሎስ፣ ጠባቧ ሱቅ ውስጥ የነበራችሁ፦ የራጅ ፖስታ ይዘው የነበሩት እናቴ፣ ላፕቶፓችሁን መልሳችሁ የወሰዳችሁት ሁለት ተማሪዎች፣ አትቸኩይ ብለውኝ ያልሰማኋዎት አባቴ፣ ብቅ ብለሽ ያየሽኝ የጭማቂ ቤቷ ልጅ፣ አንቺም የመድኃኒት ቤቷ እህቴ፤ ያቺ ሴትዮ እኔ ነበርሁ። አንድም ኮምፒውተር፣ አንድም ባትሪ አልተሰረቀኝም። ይህን ወሬ ለማን እንደ ነገራችሁት አላውቅም፤ ግን ለነገራችሁት ሰው ሁሉ መልሳችሁ ንገሩልኝ። ቀኑን የተሳሳተችው እሷ ነበረች በሏቸው። ኑሪንም ያገኛችሁት እንደ ሆነ የት እንዳለ ለእኔ መንገር የለባችሁም። ብቻ ሰው ባለበት፣ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ ንገሩት። እኔም ያን ቀን የጮህሁት ሰው ባለበት ነበርና።